በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ የተፈጥሮ (ኦርጋኒክ) እርሻ አፈሩን በረጅም ጊዜ ምን ያደርገዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጋው ሐረማያ እስከ ቆላው ኤረርና ባቢሌ ያሉ አራሾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ኦርጋኒክ እርሻ ማለት ማዳበሪያ አለመጨመር ማለት ነው?

አይደለም። ዩሪያ ነክቶት የማያውቅ፣ ግን አገዳው ለከብትና ለአጥር፣ ፍጉ ለኩበት እየወጣ ሠላሳ ዓመት የታረሰ መሬት ኦርጋኒክ ሳይሆን የተራቆተ ነው። እርሻን ኦርጋኒክ የሚያሰኘው ከማሳው የተወሰደውን በፍግ፣ በኮምፖስት፣ በጥራጥሬና በዛፍ ቅጠል መልሶ መስጠት ነው።

10 ኩንታል የማሽላ እህል ከማሳ ሲወጣ 16 ኪሎ ያህል ናይትሮጂንና 3 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ ይዞ ይሄዳል። አገዳው ሲከተለው ደግሞ ፖታሲየሙ አብሮ ይወጣል። ስለ አፈር ጤና የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ሒሳብ ይመለሳል፦ ምን ወጣ? ምን ተመለሰ?

አፈሬ ጤነኛ መሆኑን ያለ ላቦራቶሪ እንዴት አውቃለሁ?

በጣም ቀላሉ የጓል ፈተና ነው። ከማሳው መሐል ከ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የለውዝ ፍሬ የምታህል ጓል ያንሱና ጥላ ሥር በደንብ ትድረቅ። ሌላ እንዲሁ ከአጥሩ ሥር፣ ማረሻ ካልነካው ቦታ ያንሱ። እያንዳንዷን በሻይ ማጥለያ ላይ አድርገው ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለው ያስገቧት። ብስባሽ፣ ማለትም በአፈሩ ውስጥ ያለው የበሰበሰ የተክልና የእንስሳ ቅሪት፣ የጎደለው አፈር አረፋ እየተፋ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል፤ ውኃውም ይደፈርሳል። ጤነኛው ከ5 ደቂቃ በኋላም ቅርጹን አይለቅም፤ ውኃውም እንደጠራ ይቆያል። ቅንጣቶቹን ያያያዘው ሥሮች፣ ሻጋታዎችና ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ነው። የባቢሌ አሸዋማ አፈር ግን በተፈጥሮው ስለማይያያዝ ከሐረማያ ጥቁር መሬት ጋር አይወዳደርም። ሁልጊዜ የራስን ማሳ ከራስ ድንበር ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው የጣሳ ፈተና ነው። ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ላይና ታቹ የተከፈተ ጣሳ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ይምቱት። 440 ሚሊ ሊትር ውኃ ያፍሱበት፤ ይህ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ሰርጎ ሲያልቅ ያንኑ ያህል ይድገሙና የሁለተኛውን ሰዓት ይያዙ። በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰርግበትና ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚያቁርበት ቦታ በአንድ ማሳ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

የምድር ትል ቆጠራ የሚሠራው አፈሩ በበልግ ወይም በክረምት ዝናብ ሲርስ ብቻ ነው። በጥር ቆፍሮ ትል ማጣት ምንም አይናገርም።

ኮምፖስት እንዴት ይዘጋጃል? የድሬዳዋ ሙቀትስ ለውጥ ያመጣል?

ምቹው ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። አረሙ ገና አረንጓዴ ነው፤ አገዳውም ይቆረጣል። ያኔ የተጀመረ ኮምፖስት በየካቲት ይደርስና ለሚያዝያ ማሽላ ይውላል። በድሬዳዋና በኤረር ቆላ ጉድጓድ ይመረጣል፤ ከመሬት በላይ የተከመረውን ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። በሐረርና በሐረማያ በክረምት የሚሠራ ከሆነ ግን ጉድጓድ ውኃ ስለሚይዝ ከላይ መከመር ይሻላል።

ከዛፍ ጥላ ሥር 1.2 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አጠገቡም ለማገላበጫ የሚሆን ሌላ። ከታች አየር እንዲያልፍ 15 ሳንቲ ሜትር ወፍራም አገዳ ይነጠፋል። በላዩ በተራ፦ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ የተከተፈ ደረቅ አገዳ ወይም ገለባ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አረንጓዴ አረምና ቅጠል 15 ሳንቲ ሜትር፣ ፍግ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ አንድ ሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ከዛፍ ሥር የተወሰደ አፈር። እያንዳንዱ ዙር ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል። የፍየል በጠጥ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ሰባብሮ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፈው፤ ድፍኑ እንዳለ ከገባ በሦስተኛው ወርም እንደ ጠጠር ሆኖ ይገኛል። አገዳውም ካልተከተፈ ዓመት ይፈጃል።

መሐሉ ላይ ሁለት ረጃጅም ዱላዎች ይተከላሉ። ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር፣ በላዩ የሙዝ ቅጠል ወይም አሮጌ ኬሻ ይሸፈናል። በአምስተኛው ቀን አንዱን ዱላ መዝዘው በእጅዎ ይጨብጡት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል፤ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የአረም ዘርና በሽታ አምጪው አብዛኛው ይሞታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ይገለበጣል፤ ዳር የነበረው ወደ መሐል ይግባ። ከሌላ ሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ምን ከምን እንደተሠራ የማይለይ፣ ዝናብ የመታው መሬት የሚሸት ጥቁር ነገር ይሆናል። ከዚህ ጉድጓድ 5 ወይም 6 ኩንታል ይጠበቃል።

ኮምፖስቴ ይሸታል፤ ወይም ምንም አልሞቀም። ምን አጠፋሁ?

አፍንጫ የሚሰነፍጥ የሽንት ሽታ ፍግ ወይም አረንጓዴ መብዛቱን ይናገራል። የሚተነው ለአፈሩ የታሰበው ናይትሮጂን ነው፤ ደረቅ አገዳ ወይም ገለባ ይጨመር። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ደግሞ ውኃ በዝቶ አየር መታፈኑ ነው፤ ያውጡትና በደረቅ ነገር እያፈራረቁ መልሰው ይሙሉት። ዱላው ደረቅ ሆኖ ከወጣና ውስጡ ነጭ ሻጋታ ወይም ምስጥ ካለ ጥሙ የውኃ ነው፤ በድሬዳዋ አካባቢ ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይሄ ነው። እርጥበቱን ለመለካት እፍኝ ይጭመቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው።

በአካባቢያችን ፈረምሲሳ የሚሉት ፓርቲኒየም አበባ ሳያወጣ ከታጨደ ጥሩ አረንጓዴ ግብዓት ነው። አበባ ካወጣ ግን አይግባ፤ ሙቀቱ ዳር ዳሩን ስለማይደርስ ዘሩ ተርፎ በኮምፖስቱ ማሳውን ይወርሳል። ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያስፈልጋል። ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ ፍሬም እንዲሁ አይጨመርም።

ለመሬቴ ስንት ይበቃል?

ጥማድ የሚባለው ልክ እንደየቦታው ስለሚለያይ በካሬ ሜትር መነጋገሩ ይሻላል። ለማሽላና ለበቆሎ በ1,000 ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 8 ኩንታል በየዓመቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሄክታር ከ5 እስከ 8 ቶን መሆኑ ነው። ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰላጣ በካሬ ሜትር 2 ወይም 3 ኪሎ ይፈልጋሉ። ያለዎት ትንሽ ከሆነ ማሳውን ሁሉ በስሱ ከመርጨት በዘር መስመሩ ላይ ብቻ ያድርጉት። ኮምፖስት ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ማደር የለበትም። በተበተነበት ቀን በማረሻ ወይም በዶማ ከአፈር ጋር ይቀላቀል።

በስንት ዓመት ለውጥ አያለሁ?

ውኃ የመስረጉና የጓሉ ለውጥ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይታያል። የብስባሹ መጠን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ብስባሹን ከአፈሩ ክብደት በአንድ በመቶ ያህል ለማሳደግ 26 ቶን የሚቆይ ብስባሽ ያስፈልጋል። 8 ቶን ኮምፖስት ውኃውና አፈሩ ሲቀነስ 2 ቶን ያህል ብስባሽ ይይዛል፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉን ረቂቅ ነፍሳት በአንድ ሁለት ዓመት ይበሉታል። በዚህ መንገድ ብቻ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ቆላው ላይ ደግሞ ሙቀቱ መብላላቱን ስለሚያፋጥነው አንድ ዓይነት ኮምፖስት በሐረማያ ከሚቆየው በድሬዳዋ ያነሰ ይቆያል። ለዚህ ነው ቆላ ላይ ጉዝጓዝና ጥላ ከኮምፖስቱ እኩል ዋጋ ያላቸው።

ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ የገባው በቀላሉ አይጠፋምና። በእንግሊዝ ሮታምስቴድ በተባለ የምርምር ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1871 ፍግ ብቻ የተደረገበት አንድ ማሳ አለ። ከዚያ ወዲህ ፍግ አላየም፤ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ጎኑ ካለው ፍግ ካልነካው መሬት የበለጠ ካርቦን ይዞ ተገኝቷል። ያ ቀዝቃዛ አገር ነው፣ የእኛ ከዚያ ይፈጥናል፤ ቢሆንም ዛሬ የተጨመረው ለልጅ የሚተርፍ መሆኑ እውነት ነው።

ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው የፋብሪካ ማዳበሪያ) ካቆምኩ ምርቴ ይቀንሳል?

በአንድ ጊዜ ካቆሙ፣ አዎ፣ ይቀንሳል። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ለተክሉ ወዲያው ያቀርባል። 8 ቶን ኮምፖስትም በጥቅሉ ያንኑ ያህል ናይትሮጂን አለው፤ ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ነው። የቀረው በብስባሹ ውስጥ ታስሮ በዓመታት ይወጣል። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ የቆዩ ማሳዎች በ21 ዓመት ውስጥ ያሳዩት የኦርጋኒኩ ምርት በአማካይ በ20 በመቶ ማነሱን፣ የምድር ትሉና የአፈሩ መያያዝ ግን መብለጡን ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያው ማሳ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዓመት መቀየር ልክ አይደለም። ከማሳው ሩቡን ወይም ሲሶውን ወደ ኮምፖስትና ጥራጥሬ ይመልሱ፤ በቀረው ላይ ማዳበሪያውን ከኮምፖስት ጋር ግማሽ ለግማሽ ያድርጉ። ሰርተፊኬት ለማይፈልግ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ነውር የለውም። «ዩሪያ አፈር ያቃጥላል» የሚባለውም እንዲሁ ይስተካከል። አፈሩን የሚያደኸየው ዩሪያ እየጨመሩ አገዳና ፍጉን ግን አለመመለሱ ነው። ኖራማ በሆነው የድሬዳዋ አፈር ላይ ከላይ የተረጨ ዩሪያ ይተናል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ይቀበር።

መሬቴ ተዳፋት ነው። ኮምፖስት ይጠቅመኛል?

መጀመሪያ እርከን፣ ከዚያ ኮምፖስት። ከአንድ ሄክታር ላይ ጎርፍ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ቢልጥ የሄደው 10 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 13 ቶን ያህል ነው። ዓመቱን ሙሉ ደክመው ያስገቡት ከ5 እስከ 8 ቶን ነበር። የሄደውም የላይኛው፣ ኮምፖስቱ ያለበት ክፍል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለደረቀው የሐረማያ ሐይቅ የውኃ መሳቡ ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ማሳዎች የወረደው ደለልም አስተዋጽኦ ነበረው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት ያጠቃው የደቻቱ ጎርፍም የወረደው ከደቡቡ ደጋ ነው።

10 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ10 ሜትሩ፣ 5 በመቶ ላይ በየ20 ሜትሩ እርከን ይሠራል። መስመሩ በዓይን ግምት አይወጣም። ዝንባሌ ያለው እርከን ውኃውን አንድ ቦታ አጠራቅሞ ይሰበራል፤ ከዚያ የሚጀምረው ቦረቦር ከበፊቱ የባሰ ነው። በውኃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ሁለት ዘንጎች ላይ አስረው ልኩን ያውጡ። እርከኑ ላይ ቬቲቨር ወይም ዝሆኔ ሣር ከተተከለ ለከብቱም መኖ ይወጣዋል።

ፍጉ ለኩበት፣ አገዳው ለከብት ነው። ታዲያ ለአፈሩ ምን ላስቀር?

ከከባዶቹ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፤ «ዝም ብለህ መልስ» ብሎ ማለፍ ገበሬውን አለመስማት ነው። ምጣዱ ይሰማ፣ ላሟም ትብላ። ግን የሚወጣው ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑና ካርቦኑ በሙሉ ይጠፋሉ፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አገዳ ደግሞ በከብቱ ሆድ አልፎ ሲመለስ ከተቃጠለው ይሻላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ አገዳው ለከብት፣ ፍጉ ለኮምፖስት፣ ማገዶው ከአጥር ላይ ዛፍ። ከብቱ የሚረግጠውና የማይበላው የአገዳ ግርድ በረቱ ውስጥ ይጎዝጎዝ፤ ሽንቱን ይጠጣል። ከፍጉ ይልቅ ቶሎ የሚጠቅመው ናይትሮጂን ያለው ሽንቱ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በየቀኑ መሬት ጠጥቶት ይቀራል።

ሁለት ሦስት ከብት ላለው ቤት ባዮጋዝ ክርክሩን በብዙ ያቃልለዋል። ጋዙ ለማብሰያ፣ ቅሪቱ ለማሳ ይሆናል፤ ናይትሮጂኑም አይቃጠልም። ቅሪቱ ቀጭን ስለሆነ ፀሐይ ላይ አይደርቅ፤ በቀጥታ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ወይም በጫትና በቡና ሥር ወደተቆፈረ ቦይ ይግባና አፈር ይልበስ።

ቢያንስ ሥሩን አይንቀሉ። ማሽላ ከመሬት 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ከታጨደ ጉቶውና ሥሩ ያለ ምንም ወጪ ለአፈሩ ይቀራሉ።

ገራባና የከተማ ቆሻሻ ለኮምፖስት ይሆናል?

ይሆናል፤ ይለይ እንጂ። የአወዳይ፣ የሐረርና የድሬዳዋ ገራባ፣ ማለትም ከጫት የሚቀረው ቅጠልና እንጨት፣ ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ግን ካልተከተፈ አይፈርስም። አሳሳቢው ነገር ጫቱ ከመቀንጠሱ በፊት የተረጨው መድኃኒት ነው። የጉድጓዱ ሙቀት ብዙውን ያፈርሳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ የገራባ ኮምፖስት ለዛፍ፣ ለጫትና ለማሽላ ይዋል እንጂ ጥሬ ለሚበላ ሰላጣና ካሮት ባይሆን ይመረጣል። ገራባ ውስጥ የሚገኘው ፌስታል መጀመሪያውኑ ይለቀም፤ ከተበጣጠሰ በኋላ ከማሳ የሚያወጣው የለም። ባትሪ፣ የቀለም ጣሳና የጋራዥ ጥራጊ ያለበት ቆሻሻ ከእርሳስና ከካድሚየም ጋር ስለሚመጣ ጨርሶ አይግባ። ከባድ ብረት በብስባሽ አይጠፋም።

ማሳዬ ውስጥ ያለውን ገርቢ ልቁረጠው?

አይቁረጡት። ገርቢ ከሌሎች ግራሮች የሚለየው በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ መልበሱ ነው፤ ማሽላው ፀሐይ ሲፈልግ አይከልለውም። ሥሩ ጠልቆ የሳበውን ቅጠሉ ላይ ላዩን ያወርደዋል፤ ከአየርም ናይትሮጂን ያስራል። ጥላው ሥር የሚያርፉት ከብቶችና ወፎች የሚጥሉትም ይጨመርበታል። የሐረርጌ አራሽ በማሳው ውስጥ ትቶት የኖረው ይህን አይቶ ነው። ጣሳዎን ከዛፉ ሥርና ከ20 ሜትር ወዲያ አድርገው ሰዓቱን ያነጻጽሩ። ችግኙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፍየል ስለሚጋለጥ በእሾህ ይታጠር።

ጥራጥሬ እያፈራረቅኩ ነው፤ አፈሩ ለምን አልተሻሻለም?

ለውዝ ከሆነ መልሱ ቅርብ ነው። ለውዝ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ድርቆሹም ለመኖ ከተሸጠ፣ ያሰረው ናይትሮጂን አብሮ ወጥቷል። ፍሬውን ማሳው ላይ ለቅመው ቅጠሉን እዚያው መተው፣ ወይም ከብቱ ከበላው በኋላ ፍጉን መመለስ ያስፈልጋል። ቦሎቄ ከማሽላ መሐል ሲዘራ አሸዋማ አፈርን ይሸፍናል፤ ግን ብዙ ናይትሮጂን ከሚያስሩት ጥራጥሬዎች አይደለም። ላብላብና የርግብ አተር ከእሱ ይበልጣሉ። ሥሩን ቆፍረው ናይትሮጂኑ የሚታሰርባቸውን ትንንሽ ጉብታዎች ይቁረጡ፤ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ይሠራል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

አቀንጭራ ለዓመታት አልለቀቀኝም። ኮምፖስት ያጠፋዋል?

አቀንጭራ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚጠባ አረም ነው። ኮምፖስት ብቻውን አያጠፋውም፤ ያለ ኮምፖስት ግን አይጠፋም። የማሽላ ሥር ምግብ ሲጎድለው፣ በተለይ ፎስፈረስ ሲጎድለው፣ ለሥር ፈንገሶች የጥሪ ኬሚካል አብዝቶ ያመነጫል። አቀንጭራም ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ይበቅላል። ስለዚህ የደኸየ መሬት አቀንጭራን ራሱ ይጋብዛል ማለት ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል።

የሚሠራው ሁሉንም ማቀናጀት ነው። አበባ ሲታይ ዘር ሳያፈራ መንቀልና ማቃጠል፤ ኮምፖስት ውስጥ ፈጽሞ አለመክተት። ለውዝን ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ፤ የለውዝ ሥር የአቀንጭራውን ዘር ያበቅለዋል፣ ሊጣበቅበት ግን ስለማይችል ቡቃያው ይሞታል። በአቀንጭራ መሬት የሰነበተ ማረሻና ከብት ወደ ንጹሕ ማሳ ሳይገባ መጽዳቱ። በዘሩ በኩልም ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ጥሪውን ትንሽ ብቻ የሚያመነጩ ናቸው። ለእነሱ መነሻ የሆነውን ምርምር የመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት ከዚሁ ከያኔው ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ነው። ሦስት አራት ዓመት ያለ ማቋረጥ ካልተያዘ ውጤቱ አይታይም።

ኖራ ወይም አመድ ልጨምር?

ኖራ ጨምሩ የሚለው ምክር የወለጋና የጅማ አሲዳማ አፈር ምክር ነው። የድሬዳዋ አፈር ኖራ ሞልቶታል፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። እዚያ ኖራም አመድም ፎስፈረሱን፣ ዚንኩንና ብረቱን የበለጠ ያስራሉ፣ ተክሉም አያገኛቸውም፤ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመሐላቸው ያለው ይገረጣል። በሐረርና በባቢሌ ከኮምፖስት ጋር በየዙሩ እፍኝ ሁለት እፍኝ አመድ አይጎዳም፤ ከዚያ በላይ አፈሩ ሳይመረመር አይጨመር።

በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች ጨውንም ይከታተሉ። መደቡ ጫፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ውኃው ሲተን ጨው እየተወ ነው። በረት ውስጥ የከረመ ፍግም የራሱ ጨው አለው። በየቀኑ በትንሹ ከማርጠብ ይልቅ ቀን አሳልፎ ጠልቆ እንዲወርድ ማጠጣት፣ መደቡን በጉዝጓዝ መሸፈን፣ የክረምቱ ዝናብ እንዲያጥበውም የማፋሰሻ ቦይ መተው ይረዳል።

ቀደም ሲል ዲዲቲ የተረጨበት መሬት ይጸዳል?

ቀስ ብሎ። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይወስድበታል። ብስባሽ የበዛበት አፈር አጥብቆ ስለሚይዘው ወደ ተክሉ የሚሄደው ይቀንሳል፤ ይህም ኮምፖስት የሚሰጠው ሌላ ጥቅም ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ካሮትና ቀይ ሥር ከመዝራት እህልና ፍራፍሬ ይሻላል፤ ካሮት ልጣጩ ላይ ያከማቻል። ዲዲቲን ለእርሻ መጠቀም በስቶክሆልም ስምምነት የተከለከለ ነው፤ በድብቅ የሚሸጥም ካለ አይግዙት።

ቡናዬ ማዳበሪያ ነክቶት አያውቅም። ኦርጋኒክ ብዬ መሸጥ እችላለሁ?

በአገር ውስጥ ስለ ኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ። ለውጭ ገበያ ደግሞ የሚገዛው አገር ሕግ ነው የሚሠራው፤ በአውሮፓ ኅብረት ለቋሚ ተክል 3 ዓመት፣ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት የሽግግር ጊዜ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ 36 ወር ነው። የተረጨው፣ የገባው ፍግና የተሸጠው በጽሑፍ ካልተያዘ «ነክቶት አያውቅም» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። አጎራባች ጫት የሚረጭ ከሆነ ድንበሩ ላይ የመለያ ረድፍ ይተዉ።

ሁሉንም እየመለስኩም ምርቱ ከዓመት ዓመት ቢቀንስስ?

ፎስፈረስን ይጠርጥሩ። ናይትሮጂንን ጥራጥሬና ገርቢ ከአየር ያመጡታል፤ ፎስፈረስ ግን ከአየር አይመጣም። ኮምፖስት ከዚያው ማሳ የወጣውን ያዞረዋል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ጫቱ፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ጅቡቲና ሱማሌ ድረስ ሲሄድ ፎስፈረሱም አብሮ ይሄዳል። ከውጭ የሚገባ መኖ፣ ከከተማ የሚመጣ ፍግ ወይም የአጥንት ዱቄት ካልተካው ጉድለቱ ይከማቻል። የአጥንት ዱቄት ደግሞ ኖራማ አፈር ላይ በደንብ አይሟሟም፤ ኮምፖስት ሲዘጋጅ እዚያው ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ያረጀው የማሽላ ቅጠል ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲያደላና ተክሉ ሲቀጭጭ አንዱ ምልክት ነው፤ ብርድም እንዲሁ ስለሚያደርግ ግን በቅጠል ብቻ አይወሰን።

በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ አፈር ያስመርምሩ። ከማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እያንዳንዱን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው እኩል ያንሱ። ከዛፍ ሥር፣ ከእርከን ላይና ፍግ ተከምሮ ከነበረበት አይውሰዱ። በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው ግማሽ ኪሎ ጥላ ላይ ያድርቁ። ማዳበሪያ በያዘ ከረጢት ውስጥ አያድርጉት፤ ውጤቱን ያሳስታል። ላቦራቶሪው ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ የካርቦን፣ የፎስፈረስና የጨው መጠን እንዲለካ ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ወር፣ ከዚያው ማሳ ያንሱ።